ብዛት ያለው ሁሉ አይሰጋም?

ሁለት ሺህ ገደማ ብቻ የቀረች እንስሳና በሚሊዮን የሚቆጠር የእሳት እራት እርዳታ ቢሹ ገንዘቡ ለማን ይሰጣል? የተፈጥሮ ጥበቃው ልማድ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ቁጥሯ ላነሰ፣ ፀጉር ላላት፣ ፎቶዋ አንጀት ለሚበላ። ይህ ልማድ ስሕተት ነው። በአውስትራሊያ ተራሮች የደረሰውን ያየ ሰው ሊከራከርለት አይችልም።

እንስሳዋ የተራራ ድንክ ፖሰም ትባላለች። ክብደቷ 45 ግራም ያህል ነው፤ ልጆቿን በሆዷ ከረጢት ታሳድጋለች። እስከ እ.ኤ.አ. 1966 ድረስ የምትታወቀው በቅሪተ አካል ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሆታም ተራራ፣ በበረዶ ተንሸራታቾች ማረፊያ ቤት ውስጥ በሕይወት ተገኘች። የብርዱን ወራት በበረዶ ሥር ተኝታ ከርማ በጸደይ ስትነቃ ዋና ምግቧ ቦጎንግ የሚባለው የእሳት እራት ነው። እሱም ከቆላው ሜዳ ተነስቶ፣ ሌሊት ሌሊት እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በርሮ፣ በጋውን በተራሮቹ ዋሻዎች ሊያሳልፍ ይመጣል። በዋሻው ግድግዳ ላይ ተደራርቦ ሲያርፍ በአንድ ካሬ ሜትር 17,000 ያህል ይሆናል። በዚያች ቁራጭ ድንጋይ ላይ ብቻ ከፖሰሞቹ ሁሉ የሚበልጥ ነፍስ አለ። ማንም ያልሰጋለት ለዚህ ነው።

በእ.ኤ.አ. 2017 እና 2018 ድርቅ የእሳት እራቱን መራቢያ ሜዳ ሲያቃጥለው ቁጥሩ ከ99 በመቶ በላይ እንዳሽቆለቆለ ተገመተ። ተመራማሪዎች ፖሰሞቹን ይዘው ሲያዩ በከረጢታቸው ውስጥ የሞቱ ግልገሎች አገኙ። እናቲቱ ሳትበላ ወተቱን ከየት ታምጣ? የቦጎንግ ጥቅሙ ብዛቱ ነው። ከቢሊዮን ወደ ሚሊዮን ሲወርድ ለቆጣሪው አሁንም ብዙ ነው፤ ለፖሰሟ ግን ረሃብ ነው። ቦጎንግ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው መካከል የተጻፈው በእ.ኤ.አ. 2021 ነው፤ ግልገሎቹ ካለቁ በኋላ።

የአውስትራሊያን ተራሮች ከመታው ታላቅ ሰደድ እሳት ወዲህ ለፖሰሞቹ ልዩ ብስኩት ተዘጋጅቶ ቀርቦላቸዋል። የሠሩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ያ ሁሉ የእሳት እራት በክንፉ ወደ ተራራ ያወጣው የነበረውን ሲሳይ ሰው ተሸክሞ አይዘልቀውም። ደግሞስ የእሳት እራቱ ራሱ የሌላ ቀለብ ብቻ ነው እንዴ? አንጎሉ ከሩዝ ፍሬ ያነሰው ይህ ፍጥረት በከዋክብት አቅጣጫውን እንደሚለይ በእ.ኤ.አ. 2025 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ሜዳው ይውረድ። የእሳት እራቱ ትሎች የሚያድጉበት መሬት ይከለል፣ ፀረ ተባይ ርጭቱ ይገደብ፣ በፍልሰቱ ሰሞን የከተሞቹ መብራት ይቀነስ፣ በየጸደዩ ስንት እንደተነሳ የሚከታተል ባለሙያ ይመደብ፤ ወጪውም ለፖሰሟ ከተያዘው በጀት ይከፈል።