ድምፃችን ተቆጥሯል፤ አሁን ሥራችን ይቆጠር

በአሜሪካ ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖች የቀረበ ጥሪ



የኖቬምበር 5 ቀን 2024 ምርጫ ውጤት ታውቋል። ዶናልድ ትራምፕ 312፣ ካማላ ሃሪስ 226 የወኪል መራጮች ድምፅ አግኝተዋል። ይህ ብቻ ሲታይ ሰፊ ድል ይመስላል። የሕዝቡ ድምፅ ግን ሌላ ይናገራል። ከ77 ሚሊዮን በላይ ሰው ለትራምፕ፣ 75 ሚሊዮን ያህል ሰው ለሃሪስ መርጧል፤ ልዩነቱ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። ከአገሪቱ መራጭ ግማሽ ያህሉ በደስታ፣ ግማሽ ያህሉ በስጋት አድሯል።

ክፍፍሉ እኛንም አላለፈንም። በአንድ ማዕድ የሚቆርሱ አባትና ልጅ ለተለያየ ሰው መርጠዋል። አንዱ ወገናችን ስለ እምነቱ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱና ስለ ግብሩ አስቦ ለሪፐብሊካኑ ድምፁን ሰጠ። ሌላው ስለ ስደተኛው መብት፣ ስለ ጤና ኢንሹራንሱና ስለ ዴሞክራሲው ሰግቶ ለዴሞክራቷ ሰጠ። የአገር ቤቱ ጦርነት ያቆሰለው ማኅበረሰባችን ሳያገግም ሌላ መቃቃር ተጨመረበት። አብረው የሚያስቀድሱ፣ አብረው የሚሰግዱ ሰዎች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰዋል።

ይህ ጥሪ ማንንም በመረጠው አይወቅስም፤ ማንም ሐሳቡን እንዲለውጥም አይለምንም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መንግሥት ሊሠራልን የሚገባውን ጥቂት ነገር በአንድ ድምፅ እንድንጠይቅ፣ ተሠርቶ እስክናየውም እንዳንበተን።

አንድነት በማን ኪሳራ?

ከምርጫ በኋላ ስለ አንድነት የሚሰበከው ሁሉ እውነተኛ አንድነት አይደለም። የአሜሪካ ታሪክ ይህን በመራራ ዋጋ አስተምሮናል። በ1876 ራዘርፎርድ ሄይስና ሳሙኤል ቲልደን ተፎካከሩ። የሉዊዚያና፣ የሳውዝ ካሮላይናና የፍሎሪዳ ውጤት አከራከረ፤ ነገሩ ወራት ፈጅቶ ሄይስ 185 ለ184 በሆነ የአንድ ወኪል መራጭ ድምፅ ብልጫ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የሁለቱ ወገን መሪዎች ተስማሙ፤ አገሪቱም «ታረቀች» ተባለ። የዕርቁን ዋጋ የከፈሉት ግን በድርድሩ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። በ1877 የፌዴራሉ ጦር የደቡብ ግዛቶችን ምክር ቤቶች መጠበቁን ሲተው፣ ከባርነት የወጡት ጥቁር አሜሪካውያን ያለ ጠባቂ ቀሩ። የመምረጥ መብታቸው በግብር፣ በፈተናና በግድያ ተነጠቀ፤ እስከ 1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ ድረስም 88 ዓመት ጠበቁ።

ስለዚህ «ዝም እንበልና አንድ እንሁን» ለሚለን ሰው መልሳችን ግልጽ ነው። የደካማውን መብት አሳልፎ በመስጠት የሚገዛ ሰላም አንፈልግም። ተቃውሞ ያለው ይቃወም፣ ድጋፍ ያለው ይደግፍ፣ ክርክሩም ይቀጥል። የምንሻው አንድነት እየተከራከሩ አብሮ መሥራትን የሚያውቅ አንድነት ነው።

እዚህ ያደረሱን ሕጎች

እንዲህ ያለ አንድነት እንደሚቻል ከእኛ የተሻለ ምስክር የለም። በ1965 በሊንደን ጆንሰን ፊርማ የጸናው የኢሚግሬሽን ሕግ በትውልድ አገር ኮታ የሚያበላልጠውን አሠራር አስቀረ፤ ሕጉ ያለፈው በሁለቱም ፓርቲዎች ድምፅ ነበር። ከደርግ ሸሽተው በሱዳን በረሃ ያለፉ ብዙ ወገኖቻችንን የተቀበለውን የ1980 የስደተኞች ሕግ የፈረሙት ዴሞክራቱ ጂሚ ካርተር ናቸው፤ ሴኔቱ ረቂቁን 85 ለ0 አሳልፎት ነበር። ዲቪን የወለደውን የ1990 ሕግ ደግሞ ዴሞክራቱ ኤድዋርድ ኬኔዲ አቀረቡት፣ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ፈረሙት። በዲቪ የመጣህ ወንድሜ፣ በስደተኝነት የመጣሽ እህቴ፣ የመግቢያችሁ በር የተከፈተው ሁለት ተፎካካሪ ፓርቲዎች በአንድ ወረቀት ላይ ስለተስማሙ ነው።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። በ2017 ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት በተደረገ ምርጫ፣ በኒውፖርት ኒውስ አካባቢ ባለው 94ኛው ወረዳ ሁለቱ ተፎካካሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። አሸናፊው በዕጣ ተለየ፤ በዕጣውም ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ። ከዚያ ሁሉ ፍጥጫ በኋላ፣ በሜይ 2018 ያው ምክር ቤትና የግዛቱ ሴኔት በሁለቱም ወገን ድምፅ ሜዲኬይድን አሰፉ። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ እስከ 400 ሺህ የሚደርሱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ለሕክምና ሽፋን ብቁ ሆኑ። በዕጣ የተለያዩ ሰዎች ይህን ከሠሩ፣ ዋሽንግተንም መሥራት ይችላል።

ደግሞም ሳይፈልግ ይገደዳል። በ2024ቱ ምርጫ ሪፐብሊካኖች በሴኔት 53 መቀመጫ ያዙ፤ በበጀት ልዩ ሥርዓት ከሚያልፉት በቀር አብዛኛው ሕግ ክርክሩ ተዘግቶ ለድምፅ እንዲቀርብ 60 ይፈልጋል። በተወካዮች ምክር ቤት ምርጫው የሰጠው ውጤት 220 ለ215 ነበር። ጸንቶ የሚኖር ሕግ የሚፈልግ ሁሉ ወደ ሌላው ወገን እጁን መዘርጋቱ አይቀርም።

የምንጠይቃቸው አራት ነገሮች

አንደኛ፣ መንግሥት አይዘጋ። በዲሴምበር 2024 የጸደቀው ጊዜያዊ በጀት እስከ ማርች 14 ቀን 2025 ብቻ ነበር። በ2018 መጨረሻ በተጀመረው የ35 ቀን መዘጋት 800 ሺህ ያህል የፌዴራል ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ሰንብተዋል። ለቋሚ ሠራተኞች ውዝፉ ተከፈላቸው፤ በኮንትራት ሕንፃ ለሚያጸዱ፣ ለሚጠብቁና ምግብ ለሚያቀርቡ ብዙ ሰዎች ግን የቀረባቸው ደመወዝ በዚያው ቀረ። የዲሲ የታክሲ ሾፌር፣ የፓርኪንግ ሠራተኛና የምግብ ቤት ባለቤት ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የመሪዎች እልህ በእነርሱ ኪስ አይከፈል።

ሁለተኛ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 እንዲያበቁ ተወስነው የነበሩ ሁለት ነገሮች በአንድነት ይታዩ። አንዱ ሪፐብሊካኖች በ2017 ያወጡት የቤተሰብ ግብር ቅነሳ ነው። ሌላው ዴሞክራቶች በ2021 ያመጡት፣ በኦባማኬር ኢንሹራንስ ለሚገዛ ሰው ወርኃዊ ክፍያውን ያቀለለው ተጨማሪ ድጎማ ነው። ለሁለቱም የተቀጠረው ቀን አንድ ነበር። በራሱ መኪና ኡበር የሚሠራ የልጆች አባት ግን በሁለቱም ይጠቀም ነበር፤ የትኛው ሕግ የማን እንደሆነ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። እዚህ ላይ የሁለቱም ወገን ጥያቄ በአንድ ገበታ ሊቀርብ ይችላል፤ ይቅረብ።

ሦስተኛ፣ የጡረታው ነገር አይዘግይ። ሕግ ካልተሻሻለ በ2033 የሶሻል ሴኩሪቲ የጡረታ ተጠባባቂ ገንዘብ እንደሚያልቅ የፈንዱ ባለአደራዎች በ2024 አስጠንቅቀዋል። ያኔ ከእያንዳንዱ ጡረተኛ ክፍያ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ይቀነሳል። በ1980ዎቹ የመጣው ትውልዳችን ለዓመታት ሌሊት ሠርቶ የከፈለበት ገንዘብ ነው። በ1983 ሪፐብሊካኑ ሮናልድ ሬገንና ዴሞክራቱ አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒል ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ ሳለ ተቀምጠው ፈቱት። ዛሬም ይቀመጡ።

አራተኛ፣ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ይጠናከሩ። በ2024 መጨረሻ ውሳኔ የሚጠብቁት ጉዳዮች ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ነበሩ። ድንበሩ ሥርዓት ይያዝ የሚለውም፣ ስደተኛው በፍትሕ ይሰማ የሚለውም በዚህ ሊስማሙ ይገባል። ተጨማሪ ዳኞች ሲኖሩ ጥገኝነት የሚገባው ሰው ቶሎ ያገኛል፣ የማይገባውም ዕጣውን ቶሎ ያውቃል። ለዓመታት በጥርጣሬ ተንጠልጥሎ መኖር ለአገርም፣ ለቤተሰብም አይበጅም።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድመው ደግሞ ሥልጣን በሰላም መተላለፉ ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 በካፒቶል ላይ የተፈጸመውን ጥቃት አይተናል። በሥልጣን ሽኩቻ ደም ሲፈስ አይተን ከአገር የወጣን ብዙዎች ነንና የዚያን ቀን ትርጉም የሚያስረዳን አያስፈልግም። ሁለቱ ፓርቲዎች ተባብረው በ2022 የወኪል መራጮች ድምፅ የሚቆጠርበትን ሕግ አጥብቀዋል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ካማላ ሃሪስ በምክትል ፕሬዚዳንትነታቸው የራሳቸው ሽንፈት የጸደቀበትን ስብሰባ መርተዋል፤ አል ጎር በ2001 እንዳደረጉት ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ተሸናፊ ምስጋናችን ይገባዋል፤ አሸናፊም ተራው ሲደርስ እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል።

ምን እናድርግ?

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገራችን ሰው። በዩቲዩብና በዋትስአፕ የምትሰሙትን ከማስተላለፋችሁ በፊት የወረዳችሁ ተወካይና ሁለቱ ሴናተሮቻችሁ እነማን እንደሆኑ እወቁ። የካፒቶል ስልክ 202-224-3121 ነው፤ የምትኖሩበትን ግዛትና ወረዳ ስትናገሩ ወደ ቢሮአቸው ያገናኟችኋል። በዲሲ የምትኖሩ በኮንግረስ ሙሉ ድምፅ ያለው ተወካይ የላችሁም፤ ስለዚህ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ዘመዶቻችሁን ቀስቅሱ።

ግሪን ካርድ ይዛችሁ አምስት ዓመት የሞላችሁ፣ ለዜግነት አመልክቱ። ዜጎች የሆናችሁ ተመዝገቡ። የቨርጂኒያውን 11,608 አስታውሱ፤ የአንድ ቤተሰብ ድምፅ ያን ዕጣ ባስቀረ ነበር።

ለካውንቲና ለትምህርት ቦርድ ስብሰባዎች ጊዜ ስጡ። የዲሲ መንግሥት አገልግሎቱን በአማርኛም እንዲሰጥ የሚያስገድደው የ2004 ሕግ የወጣው ማኅበረሰቦች ተባብረው ስለጠየቁ ነው። ኦባላ ኦባላ ከጋምቤላ በስደት ወጥተው በ2020 በሚኒሶታዋ ኦስቲን ከተማ ለምክር ቤት ተመርጠዋል። በሩ ለሚያንኳኳ ይከፈታል።

የእድር መሪዎች፣ ካህናት፣ ኢማሞችና ፓስተሮች፣ ይህ ጥሪ በተለይ ለእናንተ ነው። ከግብር ነፃ የሆነ የሃይማኖት ተቋም በዕጩ የምርጫ ዘመቻ እንዲሳተፍ ሕጉ አይፈቅድለትም፤ ያለ አድልዎ መራጭ ማስመዝገብና ሰው ማሰባሰብ ግን ይችላል። እድራችን አንድ አባል ሲሞት ለማን እንደመረጠ ጠይቆ አያውቅም። ያን ልማድ ለሕያዋንም እናውለው። በየማኅበሩ ለትራምፕ የመረጡና ለሃሪስ የመረጡ ሰዎች በእኩል የሚቀመጡበት ኮሚቴ ይቋቋም፤ አራቱን ጥያቄዎች በአንድ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገን ጎን ለጎን ይፈርምበት። ከአንድ ወገን ብቻ የመጣን ደብዳቤ ፖለቲከኛ በቀላሉ ይጥለዋል። ደጋፊውና ተቃዋሚው አብረው የፈረሙበትን ሲጥል ግን ሁለት ጊዜ ያስባል።

ወገኖች፣ ፕሬዚዳንቱ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። አሁን ሳይዘገይ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ከተወካዮቻችን ጠረጴዛ ይድረስ። ዛሬውኑ በምርጫው ምክንያት ያኮረፋችሁትን ሰው ደውሉለት። ስለ ትናንቱ ድምፅ ለመሟገት አትደውሉ፤ «ደብዳቤው ላይ አብረን እንፈርም» ለማለት ደውሉ። መንግሥታቸውን የሚያሠሩ ዜጎች እንሁን፤ ተነሡ፣ አብረን እንጀምር!