የወለቃ የሸክላ ምስሎች ለደባርቅ ባለእጆች የሚያስተምሩት

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ ከተማዋን እንደለቀቀ ወለቃ የተባለችውን መንደር ያገኛል። በመንገዱ ዳር ለሽያጭ ከሚቀርቡት ዕቃዎች መካከል መዳፍ ላይ የሚያርፉ የሸክላ ምስሎች አሉ፦ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። እነዚህ ምስሎች አንድ ወቅት ገበያቸው ደርቶ ነበር፤ ኋላም ቀዘቀዘ። የቀድሞዎቹ ሥራዎች ግን ባሕር ተሻግረው የሰብሳቢዎች ሀብት ሆነዋል። ይህ የሆነበት ምክንያት ዛሬ ከስሜን ተራሮች ጎብኚ ገቢ ለሚጠብቁ የደባርቅና የአካባቢዋ ባለእጆች ጠቃሚ ትምህርት አለው።

ወለቃ ቀደም ሲል የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ በአንጥረኝነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። ጀበና፣ ምጣድ፣ እንስራና ድስት እየሠሩ ለአካባቢው ገበሬና ለከተማው ነዋሪ ያቀርቡ ነበር። ኅብረተሰቡ ዕቃቸውን ሳይሰለች እየገዛ ባለሙያዎቹን ግን "ቡዳ" እያለ ያገልላቸው እንደነበር የማይካድ ታሪክ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ጎብኚዎች ቁጥር እየጨመረ ሲመጣ ሸክላ ሠሪዎቹ አዲስ ዓይነት ገዥ አገኙ። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ጋን ወይም እንስራ ተሸክሞ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ትንሽ ምስል ግን ሻንጣው ውስጥ ይከታል። ሴቶቹም ይህን ተረድተው የእንግዳውን ፍላጎት የሚመጥን ሥራ ይዘው ቀረቡ። የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ወደ እስራኤል የመግባት መብት ዕውቅና ሲሰጥ የማኅበረሰቡ ስም በዓለም ይበልጥ ተሰማ፤ ምስሎቹም የዚያ ታሪክ መታሰቢያ ሆነው ተፈላጊነት አገኙ።

ሠሪዎቹ ግን አብረው አልቆዩም። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም በሱዳን በኩል የተካሄደው "ዘመቻ ሙሴ" በሺዎች የሚቆጠሩትን ወሰደ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም ደግሞ "ዘመቻ ሰሎሞን" ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አጓጓዘ። ከዚያ በኋላ በወለቃ የሚሠሩትንና የሚሸጡትን ምስሎች በአመዛኙ የሚያዘጋጁት ሌሎች የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። አንዱ የሌላውን ቅርጽ እየተከተለ ሲሠራ ምስሉ በዛ፤ ልዩነቱም ጠፋ። ኮሮና እ.ኤ.አ. በ2020 ጉዞን ሲያቆም፣ ጦርነትና ግጭትም ሲከተል፣ ለእንግዳ ብቻ የተሠራው ዕቃ ገዥ አጣ። ምጣድና ጀበና ግን እንጀራ እስከተጋገረና ቡና እስከተፈላ ድረስ ፈላጊ አላቸው።

ለመሆኑ በሰብሳቢዎች ዘንድ ለአሮጌው ምስል ዋጋ የሚሰጠው ምንድን ነው? መጀመሪያ የቁጥሩ ማነስ ነው፤ የሠሪዎቹ እጅ ከመንደሩ ስለወጣ ያ ሥራ እንደገና አይመረትም። ሁለተኛው ማስረጃ ነው፤ ማን፣ የትና መቼ እንደሠራው የታወቀ ዕቃ ካልታወቀው ይበልጣል። አብዛኞቹ የወለቃ ምስሎች ግን የሠሪ ስምም ሆነ ዓመተ ምሕረት የላቸውም። ስለዚህ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ያዳግታል። ዋጋው ሲጨምርም ጥቅሙ ዕቃውን ለያዘው እንጂ ጭቃውን ላቦካችው እናት አልደረሰም።

ፋሽን የሚያወጣውን ዋጋ ፋሽን እንደሚያወርደው በቅርቡም ታይቷል። "ላቡቡ" የተባለው የቻይናው ፖፕ ማርት ኩባንያ አሻንጉሊት ዓለምን ባነጋገረበት በሰኔ 2017 ዓ.ም፣ የሰው ቁመት የሚጠጋ አንድ ላቡቡ ቤጂንግ ውስጥ በጨረታ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጧል። ኩባንያው ተራውን አሻንጉሊት በብዛት ለገበያ ሲያቀርብ ግን አትርፈው ሊሸጡ ገዝተው ያከማቹ ሰዎች የጠበቁትን ዋጋ አጡ። የጨረታው ዜና የአንዱን ዕቃ ዋጋ እንጂ የሁሉንም አይናገርም።

ጉዳዩ ለደባርቅ ሩቅ አይደለም። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበሩት የጊች ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፤ ፓርኩም በቀጣዩ ዓመት አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። ገብስና ከብት ይዞ የኖረ ቤተሰብ ከእርሻው ሲርቅ በእጁ የሚቀረው ሙያው ነው። በተራራው መንገድ ለጎብኚ ይቀርቡ የነበሩት የስፌት ሥራዎችና የሱፍ ቆቦችም የዚያ ሙያ ፍሬዎች ናቸው።

ከወለቃ ታሪክ ሦስት ነገሮችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ ለጎብኚ የሚሠራው ለአገሬው የሚሠራውን መተካት የለበትም፤ እንግዳው ሲቀር ቤቱን የሚያቆመው የአገሬው ገበያ ነው። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ የሠሪው ስም፣ የቦታውና የዓመተ ምሕረቱ ምልክት ሊኖር ይገባል፤ ይህም ከጥቂት ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ሦስተኛ፣ ምርጥ ከሆኑት ሥራዎች ጥቂቱን ሳይሸጡ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። በማኅበር የተደራጁ ባለእጆች ይህን በጋራ ቢያደርጉት ልጆቻቸው የሚማሩበት ናሙናም ይኖራቸዋል።

የማኅበራት አደራጆችና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ሥልጠና ሲሰጡ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚመዘገብም ማስተማር ይጠበቅባቸዋል። ጎብኚው ወደ ተራራው በብዛት ሲመለስ የሚገዛው ዕቃ የሠሪውን ስም ይዞ ከሄደ፣ ዋጋው በሩቅ አገር በጨመረ ጊዜ ቀጣዩ ገዥ ማንን ፈልጎ ወደ ደባርቅ እንደሚመጣ ያውቃል።