ሆድ ይፍጀው ያልነው ሆዳችንን ሳይፈጀው



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ወንዶች ነው። እህቶቻችን ግን ገጹን አልፋችሁ አትሂዱ፤ ነገሩ የወንድሞቻችሁ ነው።

በየሴሚስተሩ መጨረሻ ከየዶርሙ አንድ ሁለት አልጋ ባዶ ይሆናል። «ዊዝድሮው ሞላ» ይባላል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «ትንሽ አሞት ነበር» ነው መልሱ። ምኑን እንዳመመው የሚናገር የለም። ወባ ይዞት ቢሆን፣ ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ ቢሆን ግቢው ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ተሰብስበን ሄደን እንጠይቀውም ነበር። አእምሮው የደከመ ወንድም ግን ሻንጣውን ይዞ በጠዋት በጸጥታ ይወጣል።

እዚህ ደሴ ያለን ተማሪዎች ወንድሞቻችን ምን ተሸክመው እንደሚውሉ እናውቃለን። እህቱ ጂዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ የምትልክለትን ብር እየተቀበለ የሚማር ስንት አለ? ያ ብር ሲመጣ ደስታ ብቻ አይደለም የሚሰማው። ታናሽ እህቱ እየለፋች እሱ በአንድ ኮርስ ኤፍ ሲያገኝ ምን ብሎ ይደውልላት? አባቱ በሬ ሸጦ የላከው አለ። የመውጫ ፈተናው ቢያልፍም ባያልፍም ሥራ እንደማይጠብቀው ቀድመውት ከተመረቁት የሚሰማ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ የሸሸ፣ የቅርብ ሰው ያጣ፣ እስከ ዛሬ በሩ በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ አለ። እነዚህ ሁሉ ከእኛ ጋር ሶፍ ውስጥ ይቆማሉ። «እንዴት ነህ?» ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ መልካም ቃል ነው፣ ግን ጭውውቱም እዚያው ላይ ያበቃል።

ወንድ ልጅ ችሎ ነው የሚኖር ተብለን አድገናል። ሆድ ይፍጀው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ የወንዶቹ መጠን የሴቶቹን እጥፍ ያህል ነው። ወንዶች የበለጠ ስለሚጨነቁ ነው ለማለት አይቻልም፤ ድባቴ እንዲያውም በሴቶች ላይ በብዛት እንደሚታይ ይኸው ድርጅት ይናገራል። ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ወንዱ ሳይናገር፣ ሳይታከም መቆየቱ ነው።

እኛ አገር ወንዱ ጨርሶ አይናገርም ማለትም አይደለም። ጫት ላይ ይናገራል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በወሎ ወጣት ወንዶች ተቀምጠው የሆዳቸውን የሚያወጡበት ዋናው ቦታ በርጫ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ወንድም ነው፣ ሁሉም እቅድ አለው፤ ማታ ምርቃናው ሲወርድ ግን ድብርቱ ከነወለዱ ይመጣል፣ እንቅልፍም አብሮ ይሄዳል። ቀን የተነገረው ምሥጢር በነጋታው እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ጫትን በፈትዋ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ተነቅፏል። ልጁ እዚያ የሚያገኘውን ሰው የማግኘት ነገር ሌላ የት እንደሚያገኘው ግን ማንም አልነገረውም።

እኛ የምንለው እንራመድ ነው።

ነገሩ ቀላል ስለሆነ የተናቀ ይመስለናል። በሌላው ዓለም የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ታካሚያቸውን ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ከማስቀመጥ ይልቅ ይዘውት እየወጡ፣ በመናፈሻና በጫካ መንገድ እየተራመዱ የሚያነጋግሩበት አሠራር አለ። በእንግሊዝ አገር የጤና ባለሙያዎች ጭንቀት ያለበትን ሰው ወደ እግር ጉዞና ወደ አትክልት ሥራ ቡድኖች የሚልኩበትን አሠራር መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በ7 አካባቢዎች ሞክሮታል። ለወንዶች የሚመቸው አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ጎን ለጎን ስንሄድ ዓይን ለዓይን አንተያይም። ዝም ማለትም አያሳፍርም፤ መንገዱ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ ትንፋሽ መሰብሰብ አለ። ከባዱ ቃል የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ዝምታ በኋላ ነው። ቢሮ ውስጥ ወንበር ስቦ «ችግርህን ንገረኝ» የተባለ ወንድ ግን ችግሩ ሁሉ ይጠፋበታል።

ሰውነትም የራሱን ይሠራል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ሰዎችን በሁለት ከፍለው ለ90 ደቂቃ አራመዷቸው፤ ግማሹን ዛፍና ሣር ባለበት፣ ግማሹን መኪና በሚበዛበት አውራ ጎዳና ዳር። ዛፉ ሥር የተራመዱት አንድን መጥፎ ሐሳብ ደጋግሞ ማብሰልሰል ቀነሰላቸው፤ ከዚሁ ማብሰልሰል ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴም ቀንሶ ታየ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ተአምርም አይደለም። ሌሊት አልጋው ላይ ተገላብጦ ያንኑ ሐሳብ ሲያኝክ ለሚያድር ልጅ ግን 90 ደቂቃ እረፍት ትንሽ ነገር አይደለችም።

በብሪታንያ «ሙስሊም ሃይከርስ» የሚባል ቡድን አለ። ሃሩን ሞታ የሚባል ወንድም በኮሮና ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የጀመረው። ሰው ቤቱ ተዘግቶበት በጭንቀት በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። በ2021 መጨረሻ ከመቶ በላይ ሆነው ፒክ ዲስትሪክት የሚባለው ተራራማ ቦታ ሲወጡ በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ዘለፋ ወረደባቸው። አልተበተኑም፤ ቡድኑ ከዚያ በኋላ ይበልጥ አደገ። እነሱ ተራራ ለመድረስ መኪና ይሳፈራሉ። እኛ ጦሳ ከራሳችን በላይ ቆሞ፣ ሰማዩና አየሩ በነጻ ተሰጥቶን፣ ዶርም ውስጥ ስልክ ላይ ተጎንብሰን እንውላለን።

«ይሄ ሁሉ የኢማን ድክመት ነው፤ ቁርኣን ይቅራ፣ ይበቃዋል» የሚሉ ወንድሞች አሉን። ቁርኣን መቅራቱን ማን ይጠላል? ግን ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል፤ ኢማናቸው ደከመ የሚል የለም። አቡ ዘይድ አል-በልኺ ከ1,000 ዓመት በፊት ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ሐዘንንና ፍርሃትን እንደ ማንኛውም በሽታ የሚታከሙ ነገሮች አድርጎ ነው ያያቸው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በየቅዳሜው ወደ ቁባእ መስጂድ፣ አንዳንዴ በእግራቸው አንዳንዴ ተቀምጠው፣ ይሄዱ እንደነበር በሐዲስ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ጀመዓው ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋትን ለዚህ ይስጥ። የእግር ኳስ ውድድር አለን ይባል ይሆናል። ኳሱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሚጫወቱት 22 ናቸው፣ ያውም የሚችሉት፤ የተጨነቀው ልጅ ዳር ቆሞ ያያል ወይም ጨርሶ አይመጣም። መራመድ ግን ችሎታ አይጠይቅም።

አካሄዱን በተመለከተ አጥብቀን የምንይዘው ጥቂት ነገር አለ። ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጓደኛ እየቀየርን እንሂድ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ፍጥነቱ የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ይሁን። በጉዞው ላይ ደርስ አይሰጥ፤ ከሁሉም የሚከብደን ይህ ይመስለናል፣ በእያንዳንዳችን ውስጥ አንድ ትንሽ ኡስታዝ ስላለ። ሰው ሕመሙን ሲነግረን ብይን አንስጥበት፣ እንስማው። የሰማነውም አማና ነው፤ ዶርም አይገባም።

የጸጥታው ነገር መታሰብ አለበት። ሩቅ አንሄድም፣ ወደ ጫካው አንገባም፤ በቀን ብርሃን ሰው በሚመላለስበት መንገድ ብቻ ነው። ሁኔታው ካልተመቸ በከተማው ውስጥ፣ እስከ ፒያሳ ደርሶ መመለስም ይበቃል።

መራመድ የሐኪም ምትክ እንዳልሆነም እንወቅ። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ መኖር ሰለቸኝ የሚል ወንድም ካጋጠመን «ሶብር አድርግ» ብለን አንለየውም። ብቻውንም አንተወውም። የዚያን ቀን ጉዟችን ወደ ግቢው ክሊኒክ፣ ከዚያም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ይሆናል፤ በር ላይ አድርሰነው አንመለስም፣ አብረነው ተራ እንይዛለን።

መነሻው ቅዳሜ ከሱብሂ በኋላ ጎህ ሲቀድ፣ ከመስጂዱ በር ነው። የደሴ ብርድ ይታወቃልና ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ፤ ስኒከር የሌለው በነጠላ ጫማ ይምጣ። የፍሬሽ ተማሪዎችን ዶርም የምታውቁ ዐርብ ማታ በየክፍሉ አንኳኩታችሁ ንገሯቸው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ገና አያውቁትም። ዝናብ ከጣለ በሚቀጥለው ቅዳሜ።