ቦምቦሊኖ ከገበያ ወደ ጓዳ

ሰሞኑን ከእብናት የተላከ አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊዋ የአራት ልጆች እናት ናቸው። ልጆቻቸው በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመንገድ ዳር ቦምቦሊኖ ከሚጠበስበት ድስት አጠገብ ሳይቆሙ እንደማያልፉ፣ ለእስክሪብቶ መግዣ የተሰጣቸውን ገንዘብ ሳይቀር እዚያው አራግፈው እንደሚመጡ ይገልጻሉ። ትንሹ ልጅ ደግሞ ከበላ በኋላ ሆዴን እያለ የሚያለቅስበት ጊዜ ብዙ ነው። እናትዮዋ በቤታቸው ሊያዘጋጁት ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለቱንም ጊዜ ውጪው አርሮ ውስጡ ጥሬ ሆኖባቸዋል። እንጀራና ጠላ የማያስቸግራቸው ባለሙያ በአንድ ጭብጥ ሊጥ መሸነፋቸው ሳያናድዳቸው አልቀረም።

ውድ እመቤት፣ ስሕተቱ ከሊጡ አይመስለንም፤ ከእሳቱ ነው። የደጋውም አየር የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆንዋ፣ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። እብናት ከዚያ ዝቅ ብትልም ነገሩ ያው ነው። በሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ ቶሎ እየፈላ በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ፣ የሊጡ ሆድ በቆላ እንደሚሞቀው ያህል አይሞቅም፤ ስለዚህም ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ዘይቱ ግን የከፍታ ነገር አይገደውም፤ እሳቱ የሰጠውን ሙቀት ሁሉ ይቀበልና ውጪውን ቶሎ ያጠቁረዋል። በደጋ ቦምቦሊኖ የሚጠብስ ሰው እሳቱን ቀነስ፣ ጊዜውን ረዘም ማድረግ ይኖርበታል።

ስሙ የጣሊያኖች ነው። እነርሱ ቦምቦሎኔ ይሉታል፤ እኛ አገር ቦምቦሊኖ ሆኖ ቀርቷል። ምግቡ ግን የአንድ አገር ብቻ አይደለም። አረቦች ሉቀይማት የሚሉት ክብ ሊጥ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ማንዳዚ፣ የስፔን ቹሮ፣ በአሜሪካም በየአውራጃው የገበሬዎች ትርኢት ላይ ስኳር ተነስንሶበት የሚሸጠው የተጠበሰ ሊጥ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው። በአዲስ አበባ ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር የሚበላውን ፓስቲም ከዚሁ ቤተሰብ እንቆጥረዋለን። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ዘይት የሚያፈላ ሰው አይጠፋም፤ ሽታውም ልጆችን ከሩቅ ይጠራል።

የዛሬውን አሠራር የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ደብረ ታቦር ከተማ ከበዓሉ ጋር አንድ ስም የምትጋራበት የነሐሴ 13 ቀን ቡሄ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ነው። ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚመጡ ልጆች ከሙልሙሉ ጎን ቦምቦሊኖ መስጠት የፈለገች እናት እንቁላልና ወተት አታገባበትም። ያለ እነርሱ ደግሞ ቦምቦሊኖ በማግስቱ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ሁለተኛው ምክንያት ድንች ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ያለው ደጋ ድንች አብቃይ መሆኑን አንባቢያን ያውቃሉ። ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ከዱቄቱ ጋር ሲቦካ የእንቁላሉንና የወተቱን ጉድለት ይሸፍናል፤ እርጥበትን ይዞ ስለሚያቆይም ቦምቦሊኖው ለነገ ሳይደርቅ ይደርሳል። ይህ የእኛ ግኝት አይደለም፤ የኔፕልስ ከተማ ሴቶች ግራፌ የሚሉትን ጣፋጭ የሚሠሩት በድንች ነው።

ለ20 ፍሬ ያህል ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ ድንች፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 200 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ያስፈልጋል። የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢጨመርበት መዓዛው ልዩ ይሆናል። ስኳሩን ከዚህ ማብዛት ለጥርስም አይበጅም፤ ስኳር የበዛበት ሊጥ ውስጡ ሳይበስል ውጪው ይጠቁራል።

ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሉት። በደጋ ለመብሰል ስለሚዘገይ ቢላዋ ያለችግር እስኪያልፈው ታገሡት። ትኩሱን ልጣችሁ አድቅቁና በወንፊት አሳልፉት፤ ድቡልቡል ቢቀርበት ሲጠበስ በዚያ በኩል ይተረተራል። ከዚያ እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ እስኪደርስ ይብረድ። ትኩስ ድንች ላይ እርሾ መጨመር እርሾውን መግደል ነው፤ ብዙ ሊጥ አልነሣ ብሎ «እርሾው የተበላሸ ነው» የሚባለው በዚህ ጥፋት ነው። ሁሉንም ቀላቅላችሁ ውኃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ከ10 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ እሹት። የድንቹ እርጥበት እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ውኃው ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ለስለስ ያለ፣ እጅ ላይ ግን የማይጣበቅ መሆን አለበት።

ሊጡን ሸፍናችሁ መጠኑ እጥፍ እስኪሆን ኩፍ ይበል። በክረምት ብርድ ከምድጃው ፈንጠር አድርጎ ሙቀት ባለበት ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሰዓት ቆጥሮ ሳይሆን ሊጡን አይቶ መፍረድ ይሻላል። ከዚያ ዱቄት ነስንሳችሁ የአውራ ጣት ውፍረት ባለው ልክ ዳምጡትና በብርጭቆ አፍ ቁረጡት፤ መካከሉን በጠርሙስ ቆብ ብሱት። ቀዳዳው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እሳቱ ቶሎ የማይደርስበትን የሊጡን እምብርት ስለሚያስወግድ ውስጡ ጥሬ እንዳይቀር ያደርጋል። የተቆረጠው ሌላ 20 ደቂቃ ይረፍ። ከመጠን በላይ የቆየ ሊጥ ግን እንደ ስፖንጅ ዘይት ይጠጣል።

ዘይት ውድ ስለሆነ ሰፊ መጥበሻ አትጠቀሙ። ጠባብና ጎድጎድ ያለ ድስት ቢሆን ግማሽ ሊትር ዘይት ይበቃል፤ ሦስት ሦስት ፍሬ እየከተቱ መጥበስ ነው። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ ማለፍ የለበትም። የከሰሉ ነበልባል ጠፍቶ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ከዚያ ከመካከል የወጣችውን ትንሽ ሊጥ ጣሉና ተመልከቱ። ከሥር ሰምጣ ከቀረች ዘይቱ ገና ነው። ወዲያው ከጠቆረች እጅግ ግሏል፤ ፍሙን በጥቂት አመድ መልሱት እንጂ የጋለውን ድስት ተሸክማችሁ አትዙሩ። ሰምጣ ጥቂት ቆይታ በአረፋ ተከባ ከተንሳፈፈች ልኩ ያ ነው። እያንዳንዱን ወገን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ጠብሳችሁ የመጀመሪያውን ቆርሳችሁ ውስጡን እዩት፤ የሌላው ጊዜ በዚያ ይወሰናል።

የተጠበሰውን በወንፊት ላይ አንጠፍጥፉት። በጋዜጣ ላይ ማኖርን ብዙዎች ለምደውታል፤ የጋዜጣ ቀለም ግን ከትኩስ ዘይት ጋር ተደባልቆ ወደ ምግቡ ይገባል። ይህችን ዓምድ የያዘች ጋዜጣም ብትሆን ተነብባ ትቀመጥ እንጂ ቦምቦሊኖ አይጠቅለልባት።

የልጁ ሆድ ሕመም ነገር ብዙ መነሻ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከቀጠለ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ዘይቱን ግን እኛም እንጠረጥራለን። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ አረፋው አልጠፋ ይላል፣ ገና ሳይግል ይጨሳል፤ እነዚህ ምልክቶች ከታዩ መጣል ነው። በተለይ የአገራችን የኑግ ዘይት ለወጥ ተወዳጅ ቢሆንም በብርቱ እሳት ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት ነው። ለአንድ ጊዜ መጥበሻ ይሁን፤ በተደጋጋሚ አይጠበስበት። ንጹሕ ሆኖ የተረፈውን ዘይት ሲበርድ በጨርቅ አጥልላችሁ፣ ብርሃን በማይገባበት ከድናችሁ አኑሩት።

በዚህ አጋጣሚ ግን በገበያ የሚጠብሱትን እናቶች ለማጥላላት አልተነሣንም። ከዚያ ድስት የስንት ልጆች ደብተር እንደሚወጣ እናውቃለን። ዘይት መለወጥ ትርፉን እንደሚበላውም አንስተውም፤ ዘይቱን በየዕለቱ ማጥለልና ፍርፋሪውን ማውጣት ግን ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ስለ አደጋው ሳንናገር አንለፍ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በግራ እጇ ላይ ከአንጓዋ እስከ ክንድዋ የሚደርስ ጠባሳ አለባት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ መሬት ላይ ከተቀመጠ ማንደጃ አጠገብ ስትሯሯጥ ድስቱን ገፍታው ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሊጥና ቅቤ መለጠፍን ነበርና ቁስሉ አመርቅዞ ወራት ፈጀ። በቃጠሎ ላይ ሊጥ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አይደረግም። ወዲያውኑ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ፣ አምባርና ቀለበት ሳያብጥ በፊት ማውለቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ አላልቶ መሸፈን፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ልብሱ ከቆዳው ከተጣበቀ አትላጡት። ዘይቱ እሳት ከያዘ ደግሞ ውኃ አይደፋበትም፤ ውኃው በአንዴ ወደ እንፋሎት ተለውጦ የሚነደውን ዘይት ወደ ፊት ይረጨዋል። ክዳን ከድኖ መራቅ ነው። ክዳኑ ከመጀመሪያው አጠገብ ይኑር፤ የነጠላ ጫፍ ወደ ኋላ ይታሰር፤ ማንደጃው ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ በሩ በተከፈተ ቤት ወይም በደጅ ይሁን። የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ይገድላል።

እመቤት፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ ልጆቹ ሊጡ ሳይደርስ እየመጡ እንደሚጨቀጭቁዎት ጽፈዋል። ከቀዳዳው የወጡትን ትናንሾቹን ሊጦች መጀመሪያ ጥበሷቸው፤ ዘይቱንም ይፈትኑልዎታል፣ ከማንደጃው ርቀው ለተቀመጡትም ቀድመው ይታደሉላቸዋል።