ጂኑን በሥራ መደቡ ብቻ አናስተምር

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። በማስተማር ልምምድ ሰሞን ጽጌረዳ ይዤ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ብዬ ጻፍኩና «እነዚህ የአበባ ጂኖች ናቸው፤ ሥራቸው አበባ መሥራት ነው» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አበባ የሌለው ተክል እነዚህ ጂኖች የሉትም ማለት ነው?» አለችኝ። ደወሉ ሊደወል ነው፣ እኔም ቸኩያለሁ፤ «አዎ፣ የሉትም» ብዬ አለፍኩ።

ልጅቷን አሳስቻታለሁ። እንዲህ የምናሳስተው ደግሞ እኔ ብቻ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኤ፣ ቢ፣ ሲ ጂኖች አብዛኞቹ ማድስ ከሚባል አንድ ትልቅ የጂን ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ስሙ የተገጣጠመው ከአራት ጂኖች የመጀመሪያ ፊደሎች ሲሆን፣ አንዱ የእርሾ፣ ሁለቱ የአበባ ተክሎች፣ አራተኛው የሰው ነው። የሰው! እንግዲህ ከስሙ ጀምሮ ቤተሰቡ የአበባ ብቻ እንዳልሆነ ይመሰክራል። አራቢዶፕሲስ የምትባለው የጎመን ዘር ዘመድ፣ ያቺ ትንሽ አረም፣ ከእነዚህ ጂኖች ከ100 በላይ አላት። አንድ ጂን ሲባዛ አንደኛው ቅጂ የጥንቱን ሥራ ይይዛል፣ ሌላው ነፃ ይሆንና አዲስ ሥራ ይለምዳል፤ አንዳንዴም ሁለቱ የድሮውን ሥራ ይካፈሉታል። ቤተሰቡ የበዛው በዚህ መንገድ ነው።

ለተማሪዋ መልሱ እርጥብ ግንብ ላይ ከሚበቅለው ሞስ ዘንድ ይገኛል። ሞስ አበባም ዘርም የለውም፤ የእነዚህ የአበባ ጂኖች የቅርብ ዘመዶች ግን አሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በአንድ የሞስ ዝርያ ውስጥ ያሉትን ስድስቱንም ጂኖች አጥፍቶ ምን እንደሚጎድል ተመለከተ። በግንዱ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው ውኃ ተሰናከለ፤ በውኃ ዋኝቶ እንቁላል መፈለግ ያለበት የወንዴው ሕዋስም መዋኘት አቃተው። አበባ የሚባል ነገር በሌለበት ተክል ጂኖቹ ሌላ ሥራ ይዘዋል ማለት ነው።

ኤንሪኮ ኮኤን እና ኤሊየት ሜየሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት የኤ፣ ቢ፣ ሲ ሐሳብ ግሩም ነው፤ ያንን አልክድም። ኤ ብቻውን የውጭውን አረንጓዴ ሽፋን፣ ኤ ከቢ ጋር ቀለማሙን ቅጠል፣ ቢ ከሲ ጋር ወንዴውን፣ ሲ ብቻውን ሴቴውን ይሠራል። ድርብርቧ ጽጌረዳ ያን ሁሉ ቀለማም ቅጠል ያገኘችው የሲ ጂን የሚሠራበት ቦታ ጠብቦ ወንዴ መሆን የነበረበት ቀለማም ቅጠል ስለሆነ ነው። ግን የኤ ሥራ በአራቢዶፕሲስ እንደተገኘው ሆኖ በብዙ ሌሎች ተክሎች አይገኝም። የሳር ወገኖችን እንይ። ሩዝና በቆሎ ቀለማም ቅጠል የላቸውም፤ በእሱ ፈንታ አበባዋን ገፍተው የሚከፍቱ ሁለት ትንንሽ ቅንጣቶች አሏቸው። ከቢ ጂኖች አንዱ ሲበላሽ እነዚያ ቅንጣቶች ቅርፊት መሰል ይሆናሉ፣ ወንዴዎቹም ወደ ሴቴ ይለወጣሉ። ጂኑ ያው ነው፣ የሚሠራው መልክ ግን ሌላ ነው።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ የብርዱ ጉዳይ ነው። በፈረንጅ አገር የመኸር ስንዴ የበረዶውን ወራት ሳያሳልፍ አያብብም። (እኛ ክረምት ስንል ዝናቡን ነውና በትርጉም እንዳንሳሳት!) አራቢዶፕሲስም እንዲሁ ብርድ የሚጠብቁ ዓይነቶች አሏት። ሁለቱም ብርዱን የሚቆጥሩት በማድስ ጂን ነው። ታዲያ ያው ጂን ነው? አይደለም! አራቢዶፕሲስ ኤፍ ኤል ሲ የሚባል ጂን አላት፤ ማበብን ይከለክላል፣ ብርዱ ሲመጣ ይዘጋል። ስንዴና ገብስ ደግሞ ከሌላው የቤተሰቡ ቅርንጫፍ የመጣ ቪ አር ኤን 1 አላቸው፤ እሱ ማበብን ያዛል፣ ብርዱ ሲመጣ ይከፈታል። አንዱ መዝጊያ፣ ሌላው መክፈቻ። አንደኛውን ብቻ አጥንቶ ስለ ሁለተኛው የሚናገር ሰው ነገሩን ገልብጦ ያስተምራል።

«ይህ ሁሉ ለምን? ተማሪን ግራ ማጋባት አይሆንም ወይ? ፈተናው የሚጠይቀው ኤ፣ ቢ፣ ሲን ነው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ክርክራቸው ገብቶኛል። አርባ ደቂቃ አጭር ናት፣ ክፍሉም ብዙ ተማሪ ነው። ግን ልጆቹን ግራ የሚያጋባቸው ንጽጽሩ አይመስለኝም። «ይህ ጂን የዚህ ነገር ጂን ነው» የምትለው አጭር አነጋገር ናት ግራ የምታጋባው። ይህችን የለመደ ተማሪ ነገ «የቁመት ጂን»፣ «የጉብዝና ጂን» ሲባል ሳይጠይቅ ይቀበላል። ልጅቷ ግን ጠይቃ ነበር፤ ያፈነኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ልምምድ ጽጌረዳ ብቻ ይዘን አንግባ። አንድ የጎመን ዘር አበባ፣ አንድ የገብስ ዛላና ከግንቡ የተላጠ ትንሽ ሞስ እንጨምር። ገብሷን በመርፌ ከፍተን ቅንጣቶቹን እንፈልግ፤ ጥቃቅን ስለሆኑ ማጉያ መነጽር ከቤተ ሙከራ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። እኔ ለሐሙስ ጠይቄያለሁ፤ የባዮሎጂ ክፍል ጓደኞች ከሰዓት በኋላ ብትመጡ አብረን እንሞክረዋለን። ያቺን ተማሪም ፈልጌ «አሉት» ልላት ነው።