ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ስለ ጎረቤቱ እምነት ግን ማን ያስተምረው?

መካ፣ ኩዳይ አካባቢ የምትሠሩ እህቶች የአውቶቡሱን ማቆሚያ ታውቁታላችሁ። ከየአገሩ የመጣ ተጓዥ እዚያ ወርዶ ወደ ሐረም ይሄዳል። ጅዳ ያላችሁት ደግሞ፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ የእረፍት ቀናችሁን አብራችሁ የምታሳልፉ ብዙ ናችሁ። አንዷ ስትሰግድ ሌላዋ የስልኳን ድምፅ ትቀንሳለች። አንዷ በሁዳዴ ስትጾም ሌላዋ ሽሮውን ያለ ቅቤ ትሠራለች። ይህን ትምህርት ቤት ገብታችሁ አልተማራችሁትም። አብሮ መኖር ግድ ሲሆንባችሁ ተማራችሁት።

ዛሬ የምንጽፍላችሁ በእናንተ ገንዘብ ስለሚማሩት ታናናሾቻችሁ ነው።

ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ዩኒቨርሲቲ ሲመደቡ ከሰፈራቸው ርቀው ይሄዳሉ። የጎጃሙ ልጅ ከአርሲና ከወላይታ ልጆች ጋር አንድ ዶርም ያድራል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከ100 ኢትዮጵያውያን 43 ወይም 44ቱ ኦርቶዶክስ፣ 34ቱ ሙስሊም፣ ከ18 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ፕሮቴስታንት ናቸው። ብዙው ተማሪ ግን ያደገው ሁሉም ጎረቤት አንድ ዓይነት እምነት ባለው ቀበሌ ነው። ሙስሊሙ ጓደኛው የክርስቲያን ሥጋ አልበላም ሲለው እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብ አልበላም ሲል ሌላው የተጣላው ይመስለዋል። የሚጠይቀው መምህር ስለሌለ መልሱን ከቲክቶክና ከቴሌግራም ያገኛል። እዚያ የሚጠብቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ለምን ዝም አለ? ዝምታው የቆየ ነው። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ካህናት ነበሩ፤ ግን የካህን ልብሳቸውን ትተው፣ ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ነበር ስምምነቱ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ መርህ ትክክል ነው፤ እንዲነካም አንፈልግም።

ነገር ግን ሃይማኖትን ማስተማርና ስለ ሃይማኖት ማስተማር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። ሁለተኛው ጎረቤትህ ምን ያምናል፣ ለምን ይጾማል፣ ታሪኩ ከአገርህ ታሪክ ጋር የት ይገናኛል ብሎ መጠየቅ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ጸሎት ማንበብን ሲከለክል፣ ስለ ሃይማኖት እንደ ታሪክና እንደ ባህል ያለ ወገንተኝነት ማስተማር ግን ይቻላል ብሏል።

ያለማወቅ ዋጋው ምን እንደሆነ አይተናል። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ከተማ ውስጥ ሂጃብ የለበሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከክፍል ተከለከሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሊያመልጣቸው ደረሰ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በአገራችን ርዕሰ መምህር የሚሆነው ከፍተኛ ትምህርት ያለፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞችን የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ እንደነበር ለተማሪው ሁሉ በደንብ ቢነገረው፣ ነገሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው በበዛ ነበር።

የሚፈሩም አሉ፤ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ብዙ ሙስሊሞች አወሊያ ትምህርት ቤት ተሰብስበው ተቃውሞ ያሰሙት መንግሥት የአህባሽን አስተምህሮ በሥልጠና ስም ሊጭንብን ነው ብለው ነበር። መንግሥት ትክክለኛው እምነት የቱ እንደሆነ መምረጥ ከጀመረ ትምህርቱ ስብከት ይሆናል። መምህሩም የራሱን እምነት ሾልኮ ሊያስገባ ይችላል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የታሪክ፣ የአንትሮፖሎጂና የሥነ ምግባር ትምህርት ይወስዳሉ፤ አዲስ ኮርስ ሳያስፈልግ እዚያው ውስጥ ቦታ ይሰጠው። ይዘቱን ምሁራን ያዘጋጁት። የየእምነቱ ሊቃውንት ስለ ራሳቸው እምነት የተጻፈውን አንብበው ያርሙት፤ ስለ ሌላው የተጻፈውን ግን አይንኩ። ፈተናው ተማሪው ምን እንደሚያውቅ ይጠይቅ እንጂ ምን እንደሚያምን አይጠይቅ።

እናንተስ? ደላላ ለፓስፖርት ብሎ የሙስሊም ስም ያወጣላት ክርስቲያን እህት እዚህ አለች፤ የጓደኛዋን የጾም ቀን ከራሷ በዓል ይልቅ የምታስታውስ ሙስሊም እህትም አለች። ይህን ቤተሰቦቻችሁ አያውቁም። በሚቀጥለው ስልክ ገንዘቡ ደረሰ ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ ዶርም ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትኖረው፣ አብራችሁ ትበላላችሁ ወይ፣ ስለ እምነቱስ ጠይቀኸው ታውቃለህ ወይ በሉት። ከዚያ የእናንተን ክፍል አጫውቱት። ዩኒቨርሲቲው ማስተማር እስኪጀምር ድረስ፣ የትምህርት ቤት ወጪውን የምትከፍለው እህት ይህንንም ልታስተምረው ትችላለች።