ድሬዳዋን ቀምሳችሁ እወቋት

ባለፈው ወር በዚህ አምድ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ ነበር። በዚህ ወር ወደ ምሥራቅ እንሂድ። ድሬዳዋ ሐይቅ የላትም፤ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ እንኳ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ወንዝ ሳይሆን አሸዋ ነው። የሚበላ ነገር ግን ሞልቷታል።

ብዙዎቻችን ድሬን የምናውቃት ወደ ሐረር ስንሄድ እንደምናድርባት ከተማ ነው። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት ለሥራ ነበር። ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ሳንድዊች በልቼ ተመለስኩ። ከተማዋን ያወቅኋት በሁለተኛው ጉዞዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ እናት ቤት ነው። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

የድሬን ምግብ ያመጣው ባቡሩ ነው ማለት ይቻላል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው ስላስቸገረ ከሥሩ ባለው ሜዳ ላይ አቆሙት፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋም ተወለደች። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑና ሕንዱ ነጋዴ ተከትሎት መጣ። ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪው፣ ከአማራውና ከጉራጌው ጋር ጎረቤት ሆነ፤ ድስቱም አብሮ ተቀላቀለ።

ስትሄዱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ ሙቀቱ ለልጆች ቀለል ይላል። ጠዋትም በጊዜ ተነሱ፤ እኩለ ቀን ላይ ብዙ ሱቅ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። ቁርሳችሁ ፉል በትኩስ ዳቦ ወይም ፈጢራ ይሁን፣ ከቅመም ሻይ ጋር። ወተት የሚወድ ካለ ሆጃ ይሞክር፤ የቡና ገለባ ወይም ቅጠል ከወተት ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ የሐረርጌ መጠጥ ነው።

ከዚያ በባጃጅ ወደ ቀፊራ ገበያ። እንደየወቅቱ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱና፣ ጊሽጣ ታገኛላችሁ። የባቢሌ ኦቾሎኒም አይለፋችሁ። ልጆቹ ራሳቸው ዋጋ ጠይቀው ይግዙ። የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶችም አሉ፤ ዕቃው ስለሚታጠን ወተቱ የጭስ ቃና አለው። ግን አፍልታችሁ ጠጡ፤ ያልፈላ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

አሁን ወደ ጓደኛዬ እናት ቤት። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ እኔ ኦርቶዶክስ። የተጋበዝኩበት ቀን ደግሞ ረቡዕ ነበር። ሳላስቀይማቸው እንዴት እምቢ እንደምል እየተጨነቅሁ ገባሁ። ሳህኑ ቀረበ፤ ሳምቡሳ፣ ባጂያና የሚያቃጥል ቢስባስ። እጄን ስሰበስብ አዩኝና ሳቁ።

«ረቡዕ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ምስር ነው፣ በዘይት ነው። ብዪ አቦ!»

እየበላን ስለ ግቢያቸው አጫወቱኝ። ክርስቲያኑ ጎረቤት ሰርግ ሲደግስ ለሙስሊሞቹ የሚታረደውን ሙስሊም ያርዳል፣ በራሱ ድስት ይበስላል። እሳቸውም ሲደግሱ እንደዚያው ለክርስቲያኑ ያደርጋሉ። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሕይወቱን ሲያጣ፣ ቤታቸው ያልተነካባቸው ለተፈናቀሉት ምግብ አብስለው ነበር። «ያኔም ድስታችን ሁለት ነበር» አሉኝ።

እኔ አብሮ መብላት ማለት ልዩነትን እንዳላዩ ማለፍ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን የእኔን ጾም ከእኔ ቀድመው አስታውሰው ነው ያበሉኝ። በሥራዬ የደንበኛን ፍላጎት ለማወቅ ስንት ስብሰባ እንደምንቀመጥ ሳስበው አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ የድሬን የመንገድ ምግብ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የሚለያዩት ሥጋው ላይ ነው፤ የምስር ሳምቡሳው፣ ባጂያውና ፉሉ ላይ ግን ሁሉም እጁን ይዘረጋል። አመሻሹ ላይ ሙቀቱ ሲበርድ ከአንዲት ሻጭ ምጣድ ዙሪያ ቁሙና ማን ማን እንደሚገዛ ተመልከቱ።

ሥጋ ካማራችሁ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ወይም የሐረሪዎቹን በአብሽ የሚሠራ ሑልበት መረቅ ቅመሱ። የማን ዕርድ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ይነግሯችኋል። በረመዳን ከሄዳችሁ ደግሞ ማታ ማታ በስኳር የተነከረ ሙሸበክ አለ።

ልጆቻችሁ «ለምንድን ነው እነሱ የእኛን ሥጋ የማይበሉት?» ብለው ከጠየቋችሁ ወሬውን አትቀይሩ። እዚያው ምግቡ ላይ ተቀምጣችሁ አስረዷቸው። እቤት ውስጥ ከምትሰጡት ምክር ይልቅ ሳምቡሳ በእጃቸው ይዘው የሰሙት አብሯቸው ይቆያል።

ስትመለሱ ሐሉዋ መግዛት አትርሱ፤ ሄል የሸተተውን ምረጡ። ለጎረቤት የምታቀምሱት ከሆነም ሻጩን በቅቤ ነው በዘይት ብላችሁ ጠይቁ፤ ጎረቤታችሁ የሚጾሙበት ቀን ሊሆን ይችላል።

መልካም ጉዞ!